የ2017 የውድድር ዓመት ማጠቃለያና የአሰልጣኝ ለውጥ (የሴት ታዳጊዎች ቮሊቦል)

ጸሐፊው | ሰኔ 22/2017፣ ከምሽቱ 2፡10

ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። ከትናንት ወዲህ ስልኬ እረፍት አላገኘም፤ ገሚሱ ውጤት ይጠይቃል፣ ገሚሱ «ጋሼ ለቀቁ የሚባለው እውነት ነው?» ይላል። ለእያንዳንዱ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈውና የጎደለውን ጠይቁኝ።

መጀመሪያ ውጤቱን። ከ17 ዓመት በታች ልጆቻችን 14 ጨዋታ አድርገው 9 አሸንፈዋል፣ 5 ተሸንፈዋል። አራተኛ ነን። የትናንቱን ብናሸንፍ ሦስተኛ ነበርን፤ 3 ለ 2 ተሸነፍን፣ አምስተኛው ሴት 15 ለ 12 አለቀ። (አምስተኛው ሴት ስል የጨዋታውን አምስተኛ ዙር ነው፤ አምስተኛዋን ልጅ ማለቴ አይደለም። ባለፈው ግራ የተጋባችሁ ስለነበራችሁ ነው።)

ከ15 ዓመት በታቾቹ 10 ተጫውተው 3 አሸነፉ። ወረቀት ላይ ሲታይ ያሳፍራል። ግን ሦስቱም ድሎች ከፋሲካ በኋላ የመጡ ናቸው። ኅዳር ላይ ኳሷን ከመረቡ ማሳለፍ ያቃታቸው ልጆች ግንቦት ላይ ከላይ ሰርቪስ (ጨዋታ ማስጀመሪያውን ኳስ) ሲመቱ አይተናል።

ዓመቱ ቀላል አልነበረም። መኸር ላይ አራት ልጆች ከነቤተሰባቸው ከካዛንቺስ ከተማው ዳር ወዳለው ገላን ጉራ ተዛወሩ። ሁለቱ ከቡድኑ ቀሩ፤ ሁለቱ እስከ ትናንት እየተመላለሱ ተጫውተዋል። የካቲት ላይ ደግሞ ሁዳዴ በ17 ገባ፣ ረመዳን በ22 ተከተለ። የቡድኑ ግማሽ እስከ 9 ሰዓት፣ ሌላው ግማሽ እስከ ማታ ሆዱ ባዶ ነው። ዝላዩን ቀንሰን ወር ሙሉ ቅብብል ብቻ ሠራን። አሁን ሳስበው ሬሲቫችን (ሰርቪስ አቀባበላችን) የተስተካከለው ያኔ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ጋሼ ከዋና አሰልጣኝነት ወርደዋል። ማንም አላወረዳቸውም፤ ራሳቸው ናቸው የጠየቁት፣ ያውም ከገና ጀምሮ። ፕሮጀክቱን በ1998 ዓ.ም. ከጀመሩ 19 ዓመት ሆናቸው። ከሐምሌ ጀምሮ ዋና አሰልጣኛችን ላለፉት ሦስት ዓመታት ምክትል የነበረችው እህታችን ናት። በ2001 ዓ.ም. በ12 ዓመቷ የታናሽ ወንድሟን እጅ ይዛ እዚህ ሜዳ የገባችውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ጋሼ አማካሪ ይሁኑ ብንላቸው «አማካሪ ማለት ወንበር ላይ መቀመጥ ከሆነ ይቅርብኝ» አሉን። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጀማሪዎቹን ይይዛሉ።

በነገራችን ላይ የኳስ መንፊያው መርፌ ጠፍቷል። ትናንት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አይቻለሁ። ያገኘ ይንገረኝ።

---

የሊቤሮዋ እናት | 2፡31

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ለፍታችኋል። ግን ጋሼን እንዲህ በጽሑፍ ነው እንዴ የምንሸኛቸው? ቡና አፍልተን፣ ዳቦ ቆርሰን መሆን አለበት። ድፎውን እኔ እጋግራለሁ፣ ቀኑን ብቻ ቁረጡ።

ልጄን በ11 ዓመቷ ሳመጣት ሰፈሩ በሙሉ «ይቺን ድንክ ቮሊቦል?» ብሎ ስቆብኛል። ጋሼ ከላይ እስከ ታች አዩዋትና «መሬት ሊነካ ለሚል ኳስ ቁመት ምን ይሠራለታል?» አሉ። ይኸው ዛሬ ሊቤሮ ሆና፣ የተለየ ቀለም ማሊያ ለብሳ ኋላ ቆማ ትከላከላለች፤ ከወንድሞቿ ይልቅ የቆሰለው የሷ ጉልበት ነው። ይህን ውለታ በምን እከፍላለሁ።

---

ድሮ 4 ቁጥር | 3፡05

ወይ ጋሼ! እኔ ከመጀመሪያዎቹ ነኝ፣ የ1998 ምልምል። ያኔ ሜዳ የሚባል ነገር የለም። ሁለት የመኪና ጎማ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተው የውሃ ቧንቧ አቆሙባቸው፤ እሱ ነው የመረቡ ቋሚ። ኃይለኛ ስማሽ (ከላይ ወደ ታች የሚመታ ኳስ) መረቡን ከነካው ቋሚው ዘመም ይላል፣ ሁላችንም ሮጠን እንደግፋለን። መስመሩን በኖራ እናሰምራለን፤ በሦስተኛው ቀን ነፋስ ይወስደዋል። የጉልበት መከላከያ? የእግር ኳስ ካልሲ ቆርጠን ስፖንጅ እንሰፋበት ነበር። ሲያልበን ስፖንጁ ውሃ ይጠጣና አንድ ኪሎ ይከብዳል።

ግን የማልረሳው ትንሿ ስታዲየም ነው። የሙገር ሲሚንቶ ክለብ ሲጫወት ይዘውን ይሄዱና ኳሷን እንዳናይ ይከለክሉናል። «ኳስ የያዘውን ሁሉም ያየዋል። አንቺ ኳስ የሌለውን ሰው እዪ፣ እግሩ ወዴት እንደሚሄድ ንገሪኝ» ይሉናል። በመጀመሪያው ቀን ምንም አልገባኝም፣ ተናድጄም ነበር፤ የአውቶቡስ ከፍዬ መጥቼ ኳስ አላይም? በሁለተኛው ዓመት ብሎክ (መረቡ ላይ የሚዘለው መከላከያ) የት እንደሚከፈት ለመቺ ኳስ ከሚያነሳው ልጅ ትከሻ ማወቅ ጀመርኩ።

ስለ አዲሷ አሰልጣኝ ደግሞ እኔ ልመስክር። መጫወት ወደ ማቆሙ ስቃረብ እሷ ከታች እየመጣች ነበር። ሴተር ነበረች፣ ለመቺዎቹ ኳስ የምታነሳዋ። መጥፎ ሬሲቭ ሲመጣላት ታለቅሳለች፤ እያለቀሰችም ኳሷን ታነሳታለች! እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም።

---

እውነቱ ይነገር | 3፡22

ሁሉም ማር ማር አለ፣ መልካም። እኔ ግን ልጄን የማመጣው ለትዝታ አይደለም። ሁለት ጥያቄ አለኝ።

አንደኛ፣ ትናንት በአምስተኛው ሴት 11 ለ 9 እየመራን ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ፣ ቪዲዮም አለኝ። ድንገት ፊሽካ ተነፋ፣ ሰዎች ጠረጴዛው ላይ ተሰበሰቡ፣ ከዚያ ሰሌዳው 10 ለ 8 ለእነሱ ሆነ። ሦስት ነጥብ የት ገባ? ዳኛ ነጥብ ሲበላን ከእኛ ወገን ድምፁን ያሰማ ሰው አልነበረም። ለምን አቤቱታ አልቀረበም?

ሁለተኛ፣ እህታችን ጎበዝ ልትሆን ትችላለች፣ ግን 28 ዓመቷ ነው፤ ቡድን በዋናነት መርታ አታውቅም። ሴት አሰልጣኝ አልቃወምም። እንደ ትናንቱ ዓይነት ነገር ሲመጣ ግን ዳኛ ፊት ቆሞ ጠረጴዛ የሚደበድብ ሰው ያስፈልገናል።

---

ፊሽካ | 3፡58

የመጀመሪያውን ጥያቄ እኔ ልመልስ። ትናንት አልዳኘሁም፣ ጥግ ላይ ቆሜ ነበር። ግን የታዳጊ ጨዋታ ለዓመታት ስለዳኘሁ ምን እንደተፈጠረ ገና ፊሽካው ሲነፋ ገብቶኛል፤ በኋላም መዝገቡን አሳዩኝ።

ከእያንዳንዱ ሴት በፊት አሰልጣኙ የስድስቱን ልጆች ቁጥር በትንሽ ወረቀት ላይ ጽፎ ለሁለተኛው ዳኛ ይሰጣል። ሴቱ እስኪያልቅ ሕጉ ያ ወረቀት ነው። ሰርቪስ ከተጋጣሚ በወሰድን ቁጥር ልጆቹ በሰዓት አቅጣጫ አንድ ቦታ ይዞራሉ፣ ሰርቪስ የምትመታውም በዚያው ተራ ትመጣለች። ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

በአምስተኛው ሴት ወረቀት ላይ ጋሼ 1 ቁጥርን እና 7 ቁጥርን አቀያይረው ጽፈዋል። ሁለተኛው ዳኛ ወረቀቱን ሜዳ ላይ ካሉት ጋር ሲያመሳክር አየውና ልጆቹን እንደ ወረቀቱ አቆማቸው። ሴቱ ሳይጀመር የታየ ስለሆነ ቅጣት የለውም። እስከዚህ ድረስ ማንም አልተጎዳም።

ተጋጣሚ 8 ለ 7 ሲመራ ሜዳ ተቀየረ፤ በአምስተኛው ሴት አንዱ ቡድን 8 ሲደርስ ጎን ይቀየራል። ልጆቹ ወደ ማዶ ሲሻገሩ እንደ ወረቀቱ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ እንደለመዱት ቆሙ። 9 ለ 7 ሆነ። ቀጥሎ ነጥቡን እኛ ወሰድን፣ 9 ለ 8። ሰርቪሱ የ7 ቁጥር ነበር። የመታችው ግን 1 ቁጥር ናት። ተከታትላ ሦስት አገባች፣ ያውም እንዴት ያለ ሰርቪስ! 11 ለ 9። መዝጋቢዋ እጇን ያነሳችው ያን ጊዜ ነው።

ሕጉ እንዲህ ይላል፦ ተራዋ ያልሆነች ልጅ ከመታች ነጥቡም ሰርቪሱም ለተጋጣሚ ይሄዳል። በተጨማሪ ስህተቱ ከየት እንደጀመረ ከመዝገቡ ከታወቀ፣ ከዚያ ወዲህ ያ ቡድን ያገኘው ነጥብ ሁሉ ይሰረዛል። የተጋጣሚው አይነካም። ሦስቱ ተሰረዙና 8 ላይ ተመለስን፤ ለእነሱ አንድ ተጨመረና 10 ሆኑ። ሰሌዳው ትክክል ነው።

መዝጋቢዋም አጥፍታለች፣ ልደብቅ አልችልም። ከመጀመሪያው ሰርቪስ ላይ ማስቆም ነበረባት። ግን የሷ መዘግየት የእኛን ስህተት ትክክል አያደርገውም።

---

እውነቱ ይነገር | 4፡06

አመሰግናለሁ፣ ገባኝ። እንግዲያው ጥፋቱ የጋሼ ነዋ! ያሳፍራል ብዬ ሳይሆን፣ 19 ዓመት ሙሉ ወረቀቱን አንድ ሰው ብቻ የሚሞላበት ቡድን ነበርን ማለት ነው። ያ ሰው መነጽሩን ቤት ቢረሳ ስድስት ልጅ ሜዳ ላይ ይጠፋል።

---

ፊሽካ | 4፡11

እዚህ ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ። እንዲያውም ልጨምርልዎ። ካፒቴኗ ጨዋታ በቆመበት ሰዓት «ቦታችንን አረጋግጡልን» ብላ ዳኛውን መጠየቅ ትችላለች፤ መብቷ ነው፣ አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ጎን ሲቀየር ብትጠይቅ ኖሮ ጨዋታው የእኛ ነበር ልል አልችልም፣ ግን 11 ለ 9 የእኛ ነበር። አልጠየቀችም። እንደምትችል የነገራት ያለ አይመስለኝም።

---

የሊቤሮዋ እናት | 4፡15

ቆይ እንጂ፣ ሽማግሌውን በሚሸኙበት ቀን እንዲህ ይባላል?

---

1 ቁጥር ነኝ | ሰኔ 23፣ ከጠዋቱ 1፡40

የመታሁት እኔ ነኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ስለዚህ ልጻፍ።

7 ቁጥር ኳሷን ከኳስ አቀባዩ ተቀብላ አንዴ መሬት አነጠረችና ሰጠችኝ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምታደርገው፣ ለዕድል። ተራው የሷ እንደሆነ እሷም አልታወሳት፣ እኔም። ስመታ ምንም አልተሰማኝም፤ ሦስተኛዋ መስመሩን ነክታ ስትወጣ ብቻ «ዛሬስ አለቀ» ብዬ ነበር።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ማንም አያወራም። ጋሼ ከፊት ነበሩ። ጦር ኃይሎች ስንደርስ ዞር ብለው ቆሎ ሰጡን፣ ከዚያ ደብተራቸውን ገልጠው ለእኔ አቀበሉኝ። «አንብቢልኝ፣ ይሄ 1 ነው 7?» አሉኝ። 1 ሲጽፉ ከላይ ቆብ ያደርጉለታል፣ 7ቱ ደግሞ ወገቡ ላይ መስመር የለውም። ቀና አድርጌ አየሁት፣ አዙሬ አየሁት። እኔም አላወቅኩትም። «አየሽ? ያንቺ ሰርቪስ ጥሩ ነበር። የኔ ጽሕፈት ነው የተሸነፈው» አሉኝ።

እባካችሁ ጋሼን አትናገሩብኝ።

---

እውነቱ ይነገር | 1፡58

ልጄ፣ ማንም አልተናገረባቸውም። አንቺም አርፈሽ ተኚ፣ ያ ሦስተኛው ሰርቪስ ቪዲዮዬ ላይ አለ፤ እልክልሻለሁ።

---

ሲልቨር ስፕሪንግ | 4፡20

ሰላም ከሜሪላንድ። የፕሮጀክቱ የቀድሞ ተጫዋች ወንድም ነኝ፣ በሩቁ እከታተላችኋለሁ። የ13 ዓመት ልጄ እዚህ ክለብ ውስጥ ትጫወታለች። አንድ ነገር ልንገራችሁ ብዬ ነው።

እዚህ ክለብ ማለት ገንዘብ ነው። በዓመት የምከፍለውን በዶላር ብነግራችሁ እናቴ ትደነግጣለች። ምርጫ አለ፣ ዩኒፎርም አለ፣ ቅዳሜና እሁድ ሌላ ስቴት ሄዶ ሆቴል ማደር አለ። ይህን ሁሉ ከፍዬ ልጄ ግማሹን ዓመት ተቀያሪ ወንበር ላይ ናት። ስለዚህ «ውጭ ቢሆን» እያላችሁ አትጓጉ።

ግን አንድ የወደድኩት ነገር አለ። ውድድር ላይ አንድ ቡድን ተጫውቶ ሲጨርስ በሚቀጥለው ጨዋታ ሥራ ይመደብበታል። የመስመር ዳኛ፣ መዝጋቢ፣ ሰሌዳ የምትቀይር፣ ሁሉም ልጆቹ ናቸው። ልጄ በ12 ዓመቷ መዝገብ ስትይዝ አይቼ ሳቅኩ፣ በኋላ ግን ተገረምኩ። ስትጫወት ተራው የማን እንደሆነ አፏን ከፍታ አትጠይቅም። አንዴ አሰልጣኟ ቁጥር ተሳስታ ስትጽፍ ልጄ ናት ያረመቻት! የቅጣት ያህል ሲጠሉት የነበረ ሥራ ነው እንዲህ ያደረጋቸው።

(ሌላም ልጨምርላችሁ፦ እዚህ ሊቤሮም በአንድ ተራ ላይ ሰርቪስ መምታት ትችላለች። የእናንተዋ ትንሿ ሊቤሮ እዚህ ብትሆን ታስለቅስ ነበር።)

---

የሊቤሮዋ እናት | 4፡33

ሰርቪስማ ቤት ውስጥ በየቀኑ ትመታለች፣ ሁለት ብርጭቆ ሰብራለች። እዚህ ለምን አይፈቀድላትም?

---

ፊሽካ | 4፡40

በዓለም አቀፉ ሕግ ሊቤሮ ሰርቪስ አትመታም፣ ብሎክም አትዘልም። ከ1998 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሊቤሮ ሲጀመር የታሰበው ኋላ ለመከላከል ነው። እኛ የምንዳኘው በዚያ ነው። ብርጭቆውን አስቀምጡላት።

---

አሰልጣኟ | 10፡15

ሁላችሁንም አነበብኳችሁ። ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ስለነበርኩ ዘገየሁ፣ ይቅርታ።

ከእርስዎ ልጀምር፣ «እውነቱ ይነገር»። ጠረጴዛ የሚደበድብ ሰው እኔ አልሆንም። ሕጉም አይፈቅድልኝም፤ ጨዋታ ላይ ዳኛን ማብራሪያ የምትጠይቀው ካፒቴን ናት፣ አሰልጣኝ አይደለም። ስለዚህ የሚያስፈልገን ጮክ የሚል አሰልጣኝ ሳይሆን ሕጉን የምታውቅ፣ ዳኛ ፊት ስትቆም ድምጿ የማይንቀጠቀጥ የ16 ዓመት ካፒቴን ናት። ከትናንት ወዲያ እንደዚያ ያለች ካፒቴን አልነበረችንም፤ እና እሱን ማስተማር የኔ ሥራ ነበር። ሦስት ዓመት ምክትል ነበርኩ። ወረቀቱን አንድም ቀን ከጋሼ እጅ ተቀብዬ አላየሁትም፤ ማየት ነውር ይመስለኝ ነበር። የጋሼን ብቻ አይደለም፣ የኔንም እዚያ ላይ ጻፉልኝ።

ከሐምሌ ጀምሮ የሚለወጠውን ልንገራችሁ።

ወረቀቱን ልጆቹ ይሞላሉ። በልምምድ ጨዋታ ሁሉ አንዷ ትሞላለች፣ ሌላዋ ታመሳክራለች፣ ሦስተኛዋ መዝገብ ትይዛለች። የሜሪላንዱ ወንድማችን የጻፈውን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ይህንኑ ለኮሚቴው ሳቀርብ «ልጅ ለመጫወት መጣች እንጂ ለጸሐፊነት ነው?» ተብዬ ነበር። በውድድር የምፈርመው እኔ ነኝ፣ ግን ሁለት ልጆች ሳያዩት ለዳኛ አይሰጥም። 7 ቁጥር ከእንግዲህ ወገቡ ላይ መስመር ይኑረው፤ ይህ ትእዛዝ ነው።

ጀማሪዎቹ ላይ መረቡን እናወርዳለን። የሴቶች መረብ 2 ሜትር ከ24 ነው፤ የ11 ዓመት ልጅ እዚያ ላይ ስማሽ ልትማር አትችልም፤ የምትማረው ኳስ መወርወር ነው። ቦታም አንመድብላቸውም። እስከ 13 ዓመት ሁሉም ያነሳል፣ ሁሉም ይቀበላል። እኔ በ12 ዓመቴ ሴተር ተብዬ ስለተመደብኩ እስከ ዛሬ ጥሩ ሬሲቭ የለኝም። ልጆቹም ያውቁታል፣ ይስቁብኛል።

ከ15 በታች ላይ ሁለት ሦስተኛውን ልምምድ የተገኘች ልጅ በየጨዋታው ቢያንስ አንድ ሙሉ ሴት ትጫወታለች። ከ17 በታች ላይ እንዲህ ብዬ ቃል አልገባም።

ክረምቱን አናቆምም። ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት ስለሆነ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት። ሜዳው ውሃ ከያዘ መጥረጊያ ይዘን እንገፋዋለን፤ ካልሆነ በበረንዳው ሥር ሕጉን እናነባለን።

---

እውነቱ ይነገር | 10፡48

ስለ ካፒቴኗ ያልሽው ገብቶኛል፣ አፌን ዘጋሽው። ግን አንድ ሙሉ ሴት ለሁሉም? ውድድር ላይ ነው ያለነው! ተጋጣሚ ስድስቱን ምርጥ አሰልፎ እኛ በፈረቃ? የኔዋ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ሳትቀር መጥታ፣ በሳምንት ሁለቴ ብቻ የምትመጣ ልጅ ቦታዋን ትውሰድባት?

---

የሊቤሮዋ እናት | 10፡55

እርስዎ ደግሞ፣ በኅዳር የርስዎ ልጅ ስንት ሰርቪስ አሳልፋ ነበር? አስታውሱኝ እስቲ።

---

እውነቱ ይነገር | 10፡57

እሱን እንተወው።

---

አሰልጣኟ | 11፡20

በአንድ ሴት 6 ቅያሪ ነው ያለን፤ በአንድ ጊዜ ሁሉንም ማሰለፍ አይቻልም። ግን ወንበር ላይ ያደገች ልጅ በ17 ዓመቷ ስትገባ ምን እንደምትሆን አይቻለሁ። ኳሷ ወደ እሷ እንዳትመጣ ትጸልያለች። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ጨዋታ ሊያሳጣን ይችላል፤ እቀበላለሁ። ጥር ላይ ቁጭ ብለን እንየውና ካልሠራ እርስዎ ራስዎ ይንገሩኝ።

---

ከገላን ጉራ | ከምሽቱ 1፡30

እኔ የ7 ቁጥር እናት ነኝ። የቤቱን ሥራ ጨርሼ አሁን ነው ያየሁት።

ስለ ወረቀቱ ምንም አልልም። ስለ መንገዱ ግን ልናገር። ከልምምድ ወጥታ ቤት ስትገባ ምሽት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ታክሲ ትይዛለች፣ ትወርዳለች፣ ሌላ ትይዛለች፣ ከዚያ አውቶቡስ ትጠብቃለች። ሰፈሩ አዲስ ነው፣ መብራት በሌለበት ቀን እስክትደርስ በር ላይ ቆሜ ነው የምጠብቃት። ካዛንቺስ ሳለን ልምምዱ ከቤታችን በእግር አሥር ደቂቃ ነበር፤ እራት ሳይቀርብ ትገባለች። አባቷ መጋቢት ላይ «ይብቃት» ብሎ ነበር፤ እሷ ቦርሳዋን ደብቃ ሄደች። ተቆጣን፣ ከዚያ ዝም አልን።

ክረምቱን ጠዋት 2 ሰዓት ከተባለ በ11 ሰዓት መነሳት አለባት። ሦስት ቀን አትችልም። አሰልጣኟ ሁለት ሦስተኛ ስትል እኛን የሚመለከት ከሆነ ከወዲሁ ልወቀው።

---

አሰልጣኟ | 1፡52

እትዬ፣ እርስዎን አያሳስብዎ። ለገላን ልጆች ዓርብ ከሰዓትና ቅዳሜ ጠዋት ተከታትሎ ቢሆን እንደ ሁለት ልምምድ እቆጥረዋለሁ። ዓርብ ማታ ግን ወደዚያ ተመልሳ ቅዳሜ ጠዋት ልትመጣ ነው፣ እሱን አላሰብኩበትም።

---

የሊቤሮዋ እናት | 1፡55

ምን ማሰብ ያስፈልጋል? ዓርብ ዓርብ እኛ ጋ ትደር። ከልጄ ጋር አንድ አልጋ ይበቃቸዋል፣ ከካዛንቺስ ጀምሮ እህትማማች ናቸው። ሁለተኛዋም ትምጣ። ቅዳሜ ቁርስ በልተው አብረው ይሄዳሉ፣ ማታ በጊዜ እልክልሻለሁ። ደውይልኝ፣ ቁጥሬ አልተቀየረም።

---

ከገላን ጉራ | 2፡20

እግዜር ይስጥሽ እህቴ። እደውልልሻለሁ።

---

ጸሐፊው | 2፡34

ከመዋጮው ሳጥን ለሁለቱ ልጆች የትራንስፖርት ወጪ የምንሸፍንበት መንገድ እንፈልጋለን፣ ረቡዕ ኮሚቴው ይቀመጣል። አንድ ተጨማሪ ወሬ፦ ባለፈው የገዛናቸው ሁለት ኳሶች ትክክለኛ የሚካሳ ምርት አይደሉም። ሚካሳ ተብሎ ተጽፎባቸዋል እንጂ ስፌታቸው ተለቋል፣ ክብደታቸውም ልክ አይደለም፤ የልጆቹ ክንድ ቀልቶ ያየነው በነሱ ነው። ሌላ ከመግዛታችን በፊት በወጥ ቤት ሚዛን እናስመዝን። ከ260 እስከ 280 ግራም ውስጥ ካልሆነ አንቀበልም። ሚዛን ያለው?

---

ድሮ 4 ቁጥር | 2፡41

እኔ አለኝ፣ ኬክ የምመዝንበት። ቅዳሜ ይዤ እመጣለሁ። የጋሼ ሽኝትም ያው ቅዳሜ ይሁና።

---

ጋሼ (በልጅ ልጃቸው ስልክ) | ሰኔ 24፣ ከጠዋቱ 3፡05

ሰላም ለናንተ ይሁን። የልጅ ልጄ ትናንት ማታ ሁሉንም አነበበችልኝ፤ አንዳንዱን ሁለት ጊዜ። እኔ እየነገርኳት እሷ ትጽፋለች።

4 ቁጥር፣ ተሳስተሻል። ቋሚዎቹ በመኪና ጎማ አልነበሩም፣ የአውቶቡስ ጎማ ነው። የመኪና ጎማማ አንቺን ራስሽን አይችልም ነበር። ቧንቧውም ወለም ያለው በስማሽ ሳይሆን አንድ ቀን እናንተ ተንጠልጥላችሁበት ነው፤ ማን ማን እንደነበራችሁ አውቃለሁ።

ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዳኛውም መዝጋቢዋም እንዳይወቀሱ። ገና ላይ ልልቀቅ ያልኩት ዓይኔ ስለደከመ ነው፣ ለማንም አልነገርኩም፤ ዓመቱን ልጨርስ ብዬ ግትር አልኩ። ግትርነቴ ነው ሦስት ነጥብ የበላው። ትናንት ሐኪም ቤት ሄጄ መነጽር ታዝዞልኛል።

አሰልጣኟ ወረቀቱን ለልጆቹ ልትሰጥ ነው ሲባል አንድ ቀን ከጧት እስከ ማታ አኩርፌ ነበር። አሁን አልፏል። አንድ ነገር ብቻ፦ ጀማሪዎቹን መረቡን ብታወርጂላቸውም ሰርቪስ ከታች መምታትን አታስተዊያቸው። ከታች በትክክል ያልመታ ልጅ ከላይ ሲመታ ትከሻውን ነው የሚያጠፋው። በዚህ ጉዳይ ቅዳሜ እንከራከራለን።

ድፎው ላይ ጥቁር አዝሙድ ይኑርበት።

መርፌው ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ነው። ታክሲ ውስጥ ሳወጣው 1 ቁጥር አይታኛለች፣ ግን አልተናገረችም።

---

1 ቁጥር ነኝ | 3፡11

አይቻለሁ። ጋሼ ራሳቸው ይናገሩ ብዬ ነው።

---

ጸሐፊው | 3፡20

ከሰዓት መጥቼ እወስደዋለሁ።